በቃኝ ማለትን ለልጅ ስለ ማስተማር

ሕፃን አፉን በፈታ ጊዜ «የኔ» የሚለውን ቃል ለመናገር አስተማሪ አያስፈልገውም። «ይበቃኛል» ለማለት ግን ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ሽበት አብቅሎም ሳይናገረው የሚሞት አለ። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ የፊተኛው ከተፈጥሮ ጋራ የሚመጣ ሲሆን የኋለኛው ትምህርት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በአራተኛው ምዕራፍ፥ በማግኘትም በማጣትም ጊዜ ባለው መርካትን እንደ ተማረ ይናገራል እንጂ ጠባዩ አብሮት እንደ ተወለደ አይናገርም። ይህንንም የጻፈው በእስራት ሳለ ነው። እንግዲህ እርሱን የመሰለ ሰው በመከራ የተማረውን ነገር፥ ልጆቻችን በአንድ ቀን ተግሣጽ እንዲያውቁት መፈለጋችን ከምን የመጣ ነው?

የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ4ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግድም በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ፥ ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃን ሌላው ሕፃን ከዚያችው ጡት ሲጠባ አይቶ ፊቱ ገርጥቶ በመራራ ዓይን ሲመለከተው ማየቱን ይተርካል። ጸሐፊው አጥብቆ የሚያመለክተው ወተቱ ሞልቶ የሚፈስ እንደ ነበረና ለሁለቱም ይበቃ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ሕፃኑን ያስመረረው ማጣት አይደለም። ምቀኝነት ከድህነት ይወለዳል የሚሉ ሰዎች ይህን ምሳሌ ቢመለከቱት መልካም ይመስለናል፤ እንደዚያ ቢሆንማ ኖሮ ሀብት በበዛበት ቤት ባልተገኘ ነበር።

ነገሩን ከማራዘማችን በፊት ግን ቃሎቹን መለየት ይገባል፤ ልጆችን ብዙ ጊዜ የምንገሥጸው ሳንለይ ነውና። አንድ ልጅ የጓደኛውን አዲስ ጫማ አይቶ «እኔም እንዲህ ያለ ጫማ በኖረኝ» ቢል መመኘት ነው፤ ምኞቱም በልክ እስከ ሆነ ድረስ ክፋት የለበትም። ሌላው ልጅ ጓደኛው ሥዕል ሲሥል አይቶ፥ እንደ እርሱ ለመሣል እስኪመሽ ድረስ ወረቀት ሲጨርስ ቢውል ይህ ቅናት ነው፤ ቅናት ደግሞ ለበጎም ለክፉም የሚነገር ቃል ነው፥ ሰው ለእግዚአብሔር ቤት ሲቀና ይመሰገንበታልና። የጓደኛው ጫማ ጭቃ ውስጥ ቢገባ፥ የጓደኛው ሥዕል ቢቀደድ ደስ የሚለው ልጅ ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር ይዞታል። ምቀኝነት የምንለው ይህን ነው። ምኞት ሲያገኝ ይበርዳል፤ ምቀኝነት የሚበርደው ሌላው ሲያጣ ነው። ስለዚህ ወላጅ ወይም መምህር ልጁን ከመቈጣቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ቢጠይቀው ይሻላል፤ «አንተም ብታገኝ ደስ ይልሃል ወይስ እርሱ ካላጣ ደስ አይልህም?» ልጅ ለዚህ ጥያቄ ከአዋቂ ይልቅ እውነቱን ይመልሳል።

በአገራችን «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል አባባል አለ። ምቀኛ ያለው ሰው ይተጋል፥ ይጠነቀቃል፥ ስለዚህ ምቀኛ ለሰው ይጠቅመዋል ማለት ነው። አባባሉ ብልኀት አለው፤ ነገር ግን የሚያስበው ለተመቀኙት ሰው ብቻ ነው እንጂ ምቀኛውን ከቍጥር አያገባውም። ስለ ልጅ አስተዳደግ ስንናገር ግን እንዲህ ማለት አንችልም፤ ምቀኛው የኛው ልጅ ሊሆን ይችላልና። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ379 ዓመተ ምሕረት ያረፈው የቂሣርያው ጳጳስ ባስልዮስ ስለ ምቀኝነት ባስተማረው ድርሳን፥ ዝገት ብረትን እንደሚበላው ይህም ክፉ ጠባይ ያደረበትን ነፍስ እንደሚበላት ይናገራል። ደግሞም ምቀኛን ለምለሙን መስክ አልፎ ወደ በከተው ሥጋ በሚወርድ ጥንብ አንሣ ይመስለዋል። ምቀኛ የሰውን መልካምነት አልፎ ጕድለቱን ይፈልጋልና።

ይኸው ባስልዮስ ሌላ የተመለከተው ነገር አለ፤ ለወላጆችና ለመምህራን ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለናል። ሰው በሩቅ ያለውን አይመቀኝም ይላል፤ የሚመቀኘው የአገሩን ሰው፥ ከአገሩም ሰው ጐረቤቱን፥ በአንድ ሥራ ያለውን፥ ዘመዱን፥ ወንድሙን ነው። እውነት ነው፤ የድኻ ልጅ በንጉሥ ልጅ አይቀናም፥ አብሮት በአንድ ወንበር በተቀመጠው ልጅ ይቀናል። እንዲህ ከሆነ ወንድምን በወንድም፥ ተማሪን በተማሪ እየመዘንን ስናሳድግ ምን እያደረግን እንደ ሆነ ልናስተውል ይገባናል። «የእገሌን ልጅ አታየውም? እርሱ ምን አለው አንተ የሌለህ?» የሚለው ንግግር በስንቱ ቤት በየማታው ይሰማል! ተናጋሪው ልጁን ለማትጋት ብሎ ነው። ልጁ የሚሰማው ግን የእገሌ ልጅ ባይኖር ኖሮ እናትና አባቱ ይወዱት እንደ ነበረ ነው።

በትምህርት ቤትም ያው ነው። በአንድ ክፍል 50 ተማሪዎች ቢኖሩ አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ ሁሉም ተግተው ሁሉም ዕውቀታቸውን እጥፍ ቢያደርጉ እንኳ አንደኛ የሚሆነው ያው አንድ ነው። ደረጃ በዚህ ጠባዩ ከዕውቀት ይለያል። ዕውቀት ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው አይቀነስም፤ ደረጃ ግን አንዱ ካልወረደ ሌላው አይወጣም። ውድድር ፈጽሞ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ በቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪዎች ይወዳደራሉ። ነገር ግን ውጤት ሲሰጥ ወላጅ አስቀድሞ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ «አምና የማታውቀው ዘንድሮ ያወቅኸው ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ልጁ ራሱን በራሱ መመዘን ይለምዳል።

ከዚህም የሚብሰው በእራት ጊዜ የምንናገረው ነው። አባት ከመሥሪያ ቤት ገብቶ ማዕድ ቀርቦ ሳለ፥ የሥራ ባልደረባው ዕድገት ማግኘቱን ይነግራል፤ ወዲያው «በማን ተጠግቶ እንደ ሆነ እናውቃለን» ይላል። እናትም የጐረቤትን ቤት እድሳት አንሥታ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ትጠረጥራለች። ልጆች ዝም ብለው ይበላሉ። ማንም አስተማሪ በዚያች ሰዓት ውስጥ የሚያስተምረውን ያህል ትምህርት ሰጥቶ አያውቅም። በማግሥቱ ያ ልጅ ጓደኛው የተሸለመው መምህሩ ስለሚያዳላለት ነው ብሎ ሲናገር እንቈጣዋለን፤ ከየት እንዳመጣው ግን አንጠይቅም። ዛሬ ደግሞ ስልክ ተጨምሯል። ባስልዮስ ሰው የሚመቀኘው ቅርቡን ነው ብሎ ነበር፤ ስልክ የሩቁን ሁሉ ቅርብ አደረገው፥ ልጅም የማያውቀውን ሰው ልደትና ልብስ ሲመለከት አምሽቶ ይተኛል።

ያዕቆብ ዮሴፍን ከወንድሞቹ ሁሉ አብልጦ በመውደዱ ልዩ ቀሚስ አደረገለት። ታሪኩን ስናስተምር የወንድማማቾቹን ክፋት እንናገራለን፤ ቀሚሱን ያለበሰው ማን እንደ ሆነ ግን ቶሎ እናልፋለን።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ከባድ ስለ ሆነ ልናልፈው አንወድም። «ባለህ ይብቃህ» የሚለውን ምክር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የጠገበ ለተራበ ነው፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ድኻን በድህነቱ፥ የተበደለውን በበደሉ አስተኝቶ የሚያኖር አይደለምን? ይላሉ። በዚህ መንገድ የተሰበከበት ጊዜ እንዳለ አንክድም። የክርስትና ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ጢሞቴዎስ በተጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ፥ በቃኝ ማለት የሚጀምረው ምግብና ልብስ ከተገኘ በኋላ ነው። ቍርስ ሳይቀምስ ክፍል የገባ ልጅ የጓደኛውን ዳቦ ቢመለከት ርኀብ ነው እንጂ ምቀኝነት አይደለም፤ እርሱን «በቃኝ በል» ማለት ኀጢአት ነው። ለእርሱ የሚገባው ዳቦ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ21ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ እንመልከት። ንጉሡ አክዓብ ግዛት አለው፥ ቤተ መንግሥት አለው፤ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለችውን የናቡቴን ወይን ቦታ ግን የአትክልት ቦታ ሊያደርጋት ፈለገ። የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋዋን በገንዘብ ልስጥህ ቢለው ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ያን ጊዜ ያ ታላቅ ንጉሥ ምን አደረገ? በአልጋው ላይ ተኝቶ ፊቱን አዞረ፥ እንጀራም አልበላም አለ። ይህ መጫወቻ የተከለከለ የአራት ዓመት ልጅ ጠባይ ነው። ዘውድ ጭኖ፥ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳለ በቃኝ ማለትን ያልተማረ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የሐሰት ምስክርና የንጹሕ ሰው ደም ነው።

አሁን ከሁለቱ በቃኝ ያለው ማን ነው? ናቡቴ ነው። የተሻለ ወይን ቢሰጡት አልተመኘም፥ ገንዘብም አላማለለውም። ንጉሥን እምቢ ለማለት የቻለውም ስለዚህ ነው። ባለው የረካ ሰው በቀላሉ አይገዛም፥ በጉቦ አይታለልም፥ በሹመት አይደለልም፤ ፍትሕ ሲጓደል ለመናገር ከማንም ይልቅ ነጻነት ያለው እርሱ ነው። ይህን የሚያነቡ የመንግሥት ሠራተኞች ነገሩን ከኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ ልጅን በቃኝ እንዲል ማስተማር አንገቱን ደፍቶ እንዲኖር ማስተማር ነው የሚለው ነገር በናቡቴ ታሪክ ፊት አይቆምም።

ታዲያ እንዴት ይማረዋል? እንደ ዋና ከልምድ ነው እንጂ ከቃል አይደለም። በዚህ ነገር አባቶቻችን የተዉልን ጥቂት አይደለም። ልጅ ከአንድ ማዕድ አብሮ ሲበላ ከፊቱ ያለውን ብቻ መቍረስን ይማራል፤ ለእኅቱ ሲያጐርስ የሚጣፍጠው ነገር ከእጁ ወደ ሌላው አፍ ሲሄድ ያያል፥ ደስም ይለዋል። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በሚጾመው በፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ ሲጾሙ እናያለን፤ በእነዚያ ቀኖች የባለጸጋው ልጅም የድኻው ልጅም ያው ሽሮ ያው አትክልት ይበላሉ። መራቡ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከጾሙ የተረፈው ለነዳይ ሲሰጥ ልጁ በዓይኑ ማየት፥ ቢቻልም በእጁ መስጠት አለበት። የቆሎ ተማሪም ለምኖ ያገኘውን ቍራሽ ከጓደኞቹ ጋራ ሲካፈል ኖሯል።

የዱሮው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት ግን አንደፍርም። አዋቂዎች ሲበሉ ልጆች ቆመው የሚጠብቁበት ልማድ ለአንዳንዱ ትዕግሥት፥ ለአንዳንዱ ቂም ያስተማረ ይመስለናል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውም አባባል ለበዓሉ ክብር የተነገረ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ልብስ ያልተገዛላት ልጅ በዚያ ቀን ከቤት መውጣት እስክትፈራ ድረስ ከደረሰ፥ በዓሉን ያከበረው ልብሱ እንጂ ሰው አይደለም። በዚህ ነገር የሚያሳፍረው ያልገዛው ወላጅ አይደለም፤ የጐረቤቱን ልጅ ራቍት ዓይን እያየ ለልጁ ሦስት ቀሚስ የሚገዛው ነው።

ከልምድ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፥ አባት ለልጁ አስቀድሞ እንዲነግረው የሚመክረው የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ነው፤ ይኸውም የምቀኝነትን ታሪክ ነው። አነጋገሩንም ያስተምራል። በእራት ጊዜ በጣፈጠ አነጋገር ይነገረው፤ እናትም አብራ ትቀመጥ፤ በሌላ ቀን ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርከው ይደረግ፤ ፍሬ ነገሩ የሚነገረው ታሪኩን ከያዘው በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያ ታሪክ ሲነበብ ልጁ አስቀድሞ ያወቀው በመሆኑ ደስ ይለዋል። ይህ ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው ምክር የዛሬ መምህር ሊያፍርበት የሚገባ አይደለም።

በማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ ያለውን የወይን ሠራተኞች ምሳሌ ለልጆች የነገረ መምህር የሚሆነውን ያውቀዋል። ከማለዳ ጀምረው በፀሐይ ሲደክሙ የዋሉትና ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው የመጡት እኩል አንድ ዲናር ተቀበሉ ሲባል ክፍሉ ይንጫጫል፤ «ፍርድ ጐደለ!» ይላሉ። ቶሎ ዝም ልናሰኛቸው አይገባም፤ ይህ የፍርድ ስሜት ሲያድጉ የሚያስፈልጋቸው ነውና። ይልቅስ የማለዳዎቹ ሠራተኞች ከተስማሙበት ዋጋ ምን ጐደለባቸው? የመጨረሻዎቹ ባይከፈላቸው ኖሮ ዲናሩ ይበዛላቸው ነበርን? እነዚያ እስከ ማታ በገበያ ሥራ ፈት ሆነው የቆሙት ማን ሳይቀጥራቸው ቀርቶ ነው? በቤታቸውስ የሚጠብቋቸው ልጆች ስንት ናቸው? ብሎ መጠየቅ ነው። በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ክፍሉ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ።

ሌላው ምሳሌ የጠፋው ልጅ ነው። ልጆች የሚወዱት ታናሹን ነው፤ ርኀቡን፥ እሪያዎቹን፥ መመለሱን ይተርካሉ። ለእኛ ነገር የሚሆነን ግን ታላቁ ነው። ከእርሻ ሲመጣ ዘፈን ይሰማል፤ ለወንድሙ ፍሪዳ መታረዱን ሲሰማ ተቈጥቶ አልገባም ይላል። ከቤቱ አንዳች አልጐደለበትም፤ የአባቱ ያለው ሁሉ የእርሱ እንደ ሆነ ራሱ አባቱ ይነግረዋል። ሽማግሌው የድግሱን ቤት ትቶ፥ በደጅ ቆሞ ይለምነዋል። ወንጌሉ በዚያ ላይ ያቆማል። ታሪኩን በሚገባ የሰማ ልጅም ሁልጊዜ «ታዲያ በመጨረሻ ገባ?» ብሎ ይጠይቃል።