ጎዶሎ ደመወዝና የጓዳ ገበና

ደመወዝ የአንድ ሰው የወር ድካም በሌላ ሰው ሚዛን ተመዝኖ የሚከፈልበት ዋጋ ነው። ትናንት ይህን ያህል ታወጣለህ የተባለ ሠራተኛ፣ ዛሬ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ሥራ እየሠራ ከዚያ ያነሰ ታወጣለህ ሲባል ሒሳቡ ወደ ክብርና ወደ ፍትሕ ጥያቄ ይለወጣል። በኢኮኖሚ ችግር ዘመን ጉድለት መኖሩ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ ጉድለቱ በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ፣ ማንስ ለማን በምን አኳኋን ይንገረው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1931 ዓለምን ያናወጠው ቀውስ በበረታ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ወጪውን ለመቀነስ የባሕር ኃይሉን ደመወዝ ለመቍረጥ ወሰነ። ከመኰንኖቹ ከመቶ 10 ሲነሣ፣ ከ1925 በፊት ከተቀጠሩት ተራ መርከበኞች ግን ከመቶ 25 ያህል ሊወሰድ ሆነ። በስኮትላንድ በኢንቨርጎርደን ወደብ የነበሩት መርከበኞች ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከአለቆቻቸው አፍ ሳይሆን ከጋዜጣና ከራዲዮ ነበር። በመስከረም ወር አጋማሽ ለሁለት ቀናት መርከቦቹን አናንቀሳቅስም አሉ። መንግሥትም ቅነሳው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ አደረገ፤ ከአድመኞቹ አንዳንዶቹን ግን ቆይቶ ከአገልግሎት አሰናበተ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚስበኝ መርከበኞቹ ከመቶ 10 የሚለውን መቀበላቸው ነው። አገሪቱ መቸገሯን አልካዱም። የከነከናቸው የድርሻው አለመመጣጠንና እንደ ባዕድ ከጋዜጣ መስማታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ ሠራተኛ በገንዘብ የሚቆጠረው ደመወዙ ሲቀነስበት አጥብቆ ይቃወማል፤ የዕቃ ዋጋ በመናሩ ምክንያት ያው ደመወዝ የሚገዛው ሲያንስ ግን ያን ያህል አይነሣም። ለምን ቢሉ፣ ቅነሳ አንዱን ከባልንጀራው በታች ሲያውለው የዋጋ ንረት ግን ሁሉን በአንድነት ይነካልና። የፊተኛውን ሐሳብ እቀበላለሁ። የኋለኛውን ግን የአዲስ አበባ ኑሮ አይመሰክርለትም። በመስከረም 1985 ዓ.ም. በ2.07 ብር ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር 5 ብር ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመምህሩ የደመወዝ መዝገብ ላይ ግን አንድ አኀዝ እንኳ አልተፋቀም። ባለቤቱ የቤት ኪራዩን ይጨምራል፤ ነጋዴው ዋጋውን ያስተካክላል፤ ከውጭ አገር ዘመዱ የሚልክለትም አይጎዳም። ደመወዝተኛው ብቻ ያችኑ ቍጥር ታቅፎ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት ሠራተኛ ጭማሪ መደረጉን አልክድም፤ የጭማሪው ወሬ ከጭማሪው ቀድሞ ገበያ መድረሱንም እንዲሁ። ደመወዙ ሳይነካ የተቀነሰበት ሰው ማንን ይጠይቅ? የፈረመ የለም፤ ደብዳቤም አልደረሰው።

ከዚህ አንጻር በግልጽ የሚጠየቅ ነገር ይሻላል። በ2003 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ መሠረት ሲጣል፣ የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ እንዲሰጥ ተጠይቆ ሰጠ። እርግጥ ነው፣ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሁሉ እጁን ሲያወጣ የራሱን እጅ ጭኑ ላይ ማሳረፍ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ እንደ ነበር ልንነጋገርበት እንችላለን። ሆኖም የተወሰደበት ስም ነበረው፤ ልክ ነበረው፤ በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅም ሠራተኛው ገንዘቤ የት ገባ ብሎ ወደ አንድ ቦታ ማመልከት ቻለ።

ይህን ሁሉ ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የቴአትር አዳራሾች ሲዘጉ፣ እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ከሚያዝያ ጀምሮ የደመወዜን ሢሶ ቀነሰ። የሥራ ሕጉ፣ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዙ አይቀነስም ይላል። ወረቀቱ ቀረበልኝ፤ ፈረምሁ። የሚፈራ ሰው ስምምነት ስምምነት ነውን? አለቃችን ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን አሉን። የእሳቸው ደመወዝ መነካት አለመነካቱን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ገበናዬን ከማን እንደምሸሽግ አላሰብሁበትም። የቤት ወጪ የምሰጣትን አላጎደልሁም፤ ከአንድ ወዳጄ ተበደርሁ፤ የታክሲ ታሪፍም ጨምሮ ስለ ነበር ከሥራ ወደ ቤቴ በእግሬ እመለስ ጀመር። ሦስት ወር ሙሉ በገዛ ማዕዴ ላይ ቴአትር ሠራሁ። ሳላማክራትም ባለዕዳ አደረግኋት፤ ምክንያቱም ብድሩ ሲመጣ የሚመጣው በእኔ ላይ ብቻ አልነበረም። ዘግይቼ የተረዳሁት፣ በመሥሪያ ቤቴ የወቀስሁትን ሥራ በቤቴ መድገሜን ነው። እነርሱ እንኳ ወረቀት አስፈርመውኛል።

በእነዚያ ወራት እንጀራችን እየነጣ ሄደ። ምክንያቱን ብጠይቃት «ማኛ ጤፍ አግኝቼ ነው» አለችኝ፤ አመንኋት። በሰኔ መጨረሻ አንድ ማታ ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አውቄዋለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ጫማህ።»

ለካ ሶሉ ተበልቶ ኖሯል። እርስዋም ከግንቦት ጀምሮ ጤፉን ከሩዝ ጋር እያስፈጨች፣ ከምሰጣት ላይ የምታስተርፈውን ለክፉ ቀን በማሰሮ ታስቀምጥ ነበር። እኔ በብድር የሞላሁትን እርስዋ በሩዝ ታጎድለዋለች፤ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስንል እንዋሻለን። በፍቅር የተደረገ ነውና ይቅር ይባላል የሚል ይኖራል። ይቅር ተባብለናል። ነገር ግን ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ ብድሩም ባላስፈለገ ነበር።

በዚያ ሌሊት ከልጃችን ደብተር አንድ ቅጠል ቀድደን የወሩን ወጪ ጻፍን። ሩዙ በእንጀራው እንዲቀጥል ተስማማን። የወዳጄን ብድር በማሰሮው ገንዘብ እንጀምረው አለች። ታክሲውን ልሰርዘው ብዕር ሳነሣ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው፤ ጫማ ከታክሲ ይወደዳል ብላ።