ቀብድ መስጠት ይገባልን?

ሰው ቤቱን ለማደስ ግንበኛ ወይም አናጢ ጠርቶ በዋጋ ከተስማማ በኋላ፣ ገና አንድ ድንጋይ ሳይነሣ አንዲት ትንሽ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ትቆማለች። ይህችውም «ቀብዱስ?» የምትለዋ ናት። ቃሏ አጭር ናት፤ ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው በልቡ የሚያስበውን ሁሉ ታወጣለች። ባለ ቤቱ «ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ?» ብሎ ይሠጋል። ሠራተኛውም «ጉልበቴን ከጨረስሁ በኋላ ቢከለክለኝስ?» ብሎ ይሠጋል። የሁለቱም ሥጋት ከንቱ አይደለም። እንግዲህ ማን ማንን አስቀድሞ ሊያምን ይገባዋል? ነገሩ የገበያ ብቻ ቢመስልም በእውነቱ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ለሚመረምር ሰው 1953 ዓ. ም. ልዩ ዓመት ነው። በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ቀብድ የደነገገውን ጭምር ይዞ፣ በሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በካራቆሬ አካባቢ ምድር ተናወጠች። የማጀቴ ቤቶች ፈረሱ፤ ከካራቆሬም ብዙዎቹ ተጐዱ፤ ወደ ደሴ የሚወስደውም አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ። ከግንቦት በኋላ የሚመጣው ክረምት ነው። ስለዚህ የወደቀውን ግድግዳ ለማንሣት የቀረው ጊዜ በሳምንት የሚቈጠር ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ቤት የፈረሰበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያንኑ ጥቂት ግንበኛና አናጢ መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ግንበኛውም ራሱ ቤት የፈረሰበት ሰው ነው። በ2013 ዓ. ም. በተነሣው ግጭት በአጣዬና በአካባቢዋ ብዙ ቤቶች በተቃጠሉ ጊዜም ያው ችግር ወደዚሁ አገር ተመልሶ መጣ። ችግር በበዛ ቁጥር የመተማመን ዋጋ ይወደዳል።

ሕጉ ስለ ቀብድ የሚናገረው ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል፣ ወይም ከሚከፈለው ገንዘብ ላይ ይታሰባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን የመሰለ ሥርዐት አስቀድሞ በሮማው ንጉሠ ነገሥት በዩስቲንያኖስ ሕግ፣ ኋላም በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በተጻፈው ክፍል ይገኛል፤ የእኛንም ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ድንጋጌው እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ሕጉ ቀብድን ያደረገው ሁለቱንም ወገን የሚያስር ገመድ ነው፤ እኛ ግን በልማዳችን ሠራተኛውን ብቻ የምናስርበት አድርገነዋል። ከዚህም ሌላ ለምስማርና ለቆርቆሮ መግዣ የሚሰጠውን ገንዘብ ከቀብድ ጋር እንቀላቅላለን። ያ የዕቃ ዋጋ ነው፤ ቀብድ ግን የቃል መያዣ ነው። ሁለቱ ሳይለዩ በአንድ እጅ ሲሰጡ ተቀባዩ የትኛው የማን እንደ ሆነ ይረሳዋል፤ ሰጪውም የሰጠበትን ምክንያት ይረሳዋል።

ይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና የሚኖሩበት አገር ነው፤ በዚህም ነገር ሁለቱ ሃይማኖቶች ይገናኛሉ። ኦሪት የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ታዛለች፤ እስልምናም የሠራተኛው ዋጋ ሳይዘገይ እንዲሰጠው ያስተምራል። ስለ ቀብድ ግን የእስልምና የሕግ ሊቃውንት በሁለት ተከፍለዋል። አብዛኞቹ ሽያጩ ቢፈርስ ቀብዱ ለሻጩ እንዳይቀር ሲከለክሉ፣ የሐንበሊ ወገን ሊቃውንት ፈቅደዋል። ከልካዮቹ ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ፣ ሰው ምንም ሳይሰጥ የሌላውን ገንዘብ መውሰድ የለበትም የሚል ነው። ምክንያቱ ብርቱ ነው። ነገር ግን ምንም ሳይከፍል የሌላውን ድካም የሚወስድ ሰውስ ከዚሁ ፍርድ እንዴት ያመልጣል?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ መግቢያ፣ ማጀቴ ያለው የአክስቴ ቤት ጣሪያ ያፈስስ ስለ ነበር አንድ አናጢ ጠርቼ የዋጋውን እኩሌታ በእጁ ሰጠሁት። ምስክር አልነበረም፤ ወረቀትም አልጻፍንም። ሰውየው ሦስት ሳምንት ጠፋ። ዝናቡ ገባ፤ አክስቴም አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስታዞር ሰነበተች። በመጨረሻ በመንገድ አግኝቼው በሰው ፊት «ሌባ!» አልሁት። ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ሲታይ አናጢው «ጋሼ፣ ገንዘብዎን ወስጃለሁ፤ ግን አልበላሁትም» አለ። ቀደም ብሎ የአንድ ባለ ሥልጣን ቤት ሠርቶ ጨርሶ ኖሮ፣ ያ ሰው «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ስላጉላላው፣ አብረውት የዋሉትን የቀን ሠራተኞች በእኔ ገንዘብ ከፍሎ አሰናብቷል። ሽማግሌው አናጢውን ገሥጸው ሥራውን የሚፈጽምበትን ቀን ከቈረጡለት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ገንዘቡን ስትሰጠው ለምን እንደ ሆነ ነግረኸዋል?» አሉኝ። «አልነገርሁትም» አልሁ። «እንግዲህ የሰጠኸው ገንዘብ ነው እንጂ ቀብድ አይደለም፤ ቀብድ ቃል አለው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «ያንን ሠርቶለት ያልከፈለውን ሰውዬ ግን ሌባ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰ አልነበረም።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ቀብድ በልቶ የጠፋ ሠራተኛ ሌባ ይባላል፤ ጉልበት በልቶ ዝም ያለ ባለ ቤት ግን «ትንሽ ቸግሮት ነው» ይባልለታል። ሁለቱ ያደረጉት ነገር አንድ ሲሆን ስማቸው ስለ ምን ተለያየ? በባለ እጅ ላይ የቆየው ንቀታችን ገና በውስጣችን ስላለ ይመስለኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአንደበታችን ቢቀንስም ከኪሳችን አልወጣም፤ ደመወዙን በማዘግየት እንሰድበዋለን።

«ታዲያ ድኻ ባለ ቤትስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ያላት ገንዘብ ጣሪያዋን አንድ ጊዜ ብቻ የምታስከድንበት መበለት፣ ብዙ ሥራ የያዘውን ተቋራጭ አስቀድማ እንድታምን ማስገደድ ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ ደንቡ «ባለ ቤት ምን ጊዜም ያስቀድም» የሚል ሊሆን አይችልም። እኔ የምለው፣ ቢጠፋበት የማይወድቀው ወገን አስቀድሞ ይመን ነው። የወር ደመወዝተኛ ግንበኛን ሲቀጥር ከሁለቱ ማን ይበልጥ ሊታገሥ እንደሚችል ራሱ ያውቃል፤ ግንበኛው ያልተከፈለበት ቀን ልጆቹ ያልበሉበት ቀን ነው።

እምነት ግን ያለ ልክ መስጠት አይደለም። ቆርቆሮውንና ምስማሩን ባለ ቤቱ ራሱ ይግዛ። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ በሁለት ምስክር ፊት፣ ምክንያቱና መጠኑ ተነግሮ ይሰጥ። የእጅ ዋጋው ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ይከፈል። የመጨረሻው ሒሳብ ደግሞ ሥራው ባለቀበት ቀን አይደር። ለወዳጁ ሁሉን አስቀድሞ የሚሰጥ ሰው ቸር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ዕዳ የያዘውን ሠራተኛ ከሚችለው በላይ ይፈትነዋል። ምንም የማይሰጥም ጠንቃቃ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የራሱን ሥጋት ሁሉ በድኻው ጫንቃ ላይ ጭኖ ይተኛል።

እኛ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የምንውል ሰዎች ስለ ታማኝነት ብዙ እንናገራለን። ዘንድሮም ክረምት ከመግባቱ በፊት በየቤታችን ደጃፍ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ይቆማል። እርሱ ታማኝ መሆኑን ከመጠየቃችን በፊት፣ ባለፈው ዓመት ጣሪያችንን የከደነው ሰው ቀሪ ገንዘቡን መቀበሉን እናስታውስ።