በትርፍ የተቆረጠ

ለንደን ያለችው የእህቴ ልጅ መስከረም ላይ ሥራ ለቀቀች። እዚያ የደሞዝ ግብር የሚታሰበው በዓመት ነው፤ የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ አይነካም። ቀጣሪው ግን ዓመቱን ሙሉ ትሠራለች ብሎ በየወሩ ይቆርጣል። መሃል ላይ ካቆመችና ሌላ ገቢ ከሌላት በትርፍ የተቆረጠው ይመለስላታል። (እኛ አገር ሒሳቡ በየወሩ ስለሚዘጋ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም።)

«ጋሼ፣ መንግሥትን ገንዘቤን መልስ ማለት አያሳፍርም?» አለችኝ።

ምን ያሳፍራል! ግብር ግዴታ ነው፤ ከሚገባው በላይ የተወሰደው ግን የላብሽ ዋጋ ነው፤ ጠይቂ አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ስልኩን ስዘጋ ትዝ አለኝ። ማስተማሩን ስተው ሒሳብ ሠራተኛው ከመጨረሻ ደሞዜ ግብሩን አሳንሶ ነበር የቆረጠው። አይቻለሁ። «የራሳቸው ስህተት ነው» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሰበብ መቼ ያጣል!

መልሼ አልደወልኩላትም።