ምጽዋት ወይስ ዕዳ

ከእናቱ ማኅፀን ዐይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ደቀ መዛሙርት ባዩ ጊዜ፣ ኃጢአቱ የራሱ ይሁን ወይስ የወላጆቹ መምህራቸውን እንደ ጠየቁ፣ እርሱም ሁለቱንም ከነቀፋ አውጥቶ ነገሩን ከምክንያት ፍለጋ ወደ ሥራ እንደ መለሰው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፎ እናገኛለን። ዛሬም አካል ጉዳተኛ ልጅ በመደበኛ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ልጁ ምን እንደ ሆነና ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ለምን እንዳልተወሰደ የሚጠይቅ መምህር ብዙ ነው፤ እኔ ምን ልሥራ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ጉድለቱ ከልጁ ዐይን ይልቅ ከማስተማሪያው ሥርዐት እንደሚመነጭ የአብነት ትምህርት ቤታችን ምስክር ነው። የሌሊቱ የቃል ትምህርት በጨለማ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ የሚያየውና የማያየው ደቀ መዝሙር በአንድ ጉባኤ እኩል ይቀጽሉ ነበር፤ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ዐይነ ስውራን ሊቃውንትም ከዚያው ወጥተዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት አደራ የሰጠው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብርሃን ላላየው ለዲዲሞስ መሆኑም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ (ያለፈውን ሁሉ ማመስገን ልማዳችን ነውና) ያው ለዐይነ ስውሩ የተመቸ ጉባኤ መስማት ለተሳነው በሩ ዝግ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ጥቁር ሰሌዳ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። መምህሩ በጠመኔው እያመለከተ «ይህ ከዚህ ጋር ሲደመር ይህን ይሰጣል» ሲል፣ ለዐይነ ስውሩ ተማሪ ምንም አልተናገረም፤ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲያብራራም፣ ከንፈሩን አይቶ የሚከታተለውን ልጅ ትምህርት ነሥቶታል። ማስታወሻ ሲያጽፍ ደግሞ፣ ብሬይል በስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ እየተበሳ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ፣ በአማርኛውም ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ ጓደኛው አንድ ፊደል በሚጽፍበት ቦታ ልጁ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንደሚበሳ ካላወቀ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ሰነፍ ይለዋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው በሊቅ ፊት መለማመድ ነው፤ የጉዳት ዓይነቶችን ስምና ትርጓሜ በቃል አጥንቶ ፈተና ማለፍ አይበቃም።

ከድንቁርናው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ርኅራኄው ነው። ከንፈሩን የሚመጥ መምህር «ሒሳብ ይቅርብህ» ብሎ ያሰናብታል፣ ላልተማረው ትምህርት ማርክ ይቸራል፣ በጽድቅ ሥራውም ደስ ይለዋል። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ይሰፈራል፤ ዕዳ ግን ባለ ዕዳው ቢወድም ባይወድም ይከፈላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ትምህርትን መብት ሲያደርገው፣ መምህሩን ከመጽዋችነት ወንበር አንሥቶ ባለ ዕዳ አድርጎታል።

እንግዲህ መምህራንን የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ዕጩው አካል ጉዳተኛ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ሥራውን በሚያውቅ መምህር ፊት ቆሞ አስተምሮ ሳይፈተን ዲፕሎማውን አትስጡት።