ርኅራኄና ወቅቱ

ሰው ለሚወደው ሁሉ ምቾትን ይመኛል። የሚወደው ሲበርደው ሊያሞቀው፣ ሲከፋው ሊያጽናናው፣ ሸክም ሲከብደው ሊያወርድለት ይፈጥናል። ይህ ከመልካም ልብ የሚመነጭ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአደራ የተሰጠንን ፍጡር ከችግር ሁሉ መከለል ሁልጊዜ ለእርሱ በጎ ማድረግ ነውን? ወይስ አንዳንድ ጊዜ ምቾትን መንፈግ ራሱ የርኅራኄ ሥራ ይሆናል? ጥያቄው ወላጅን፣ መምህርንና ሹምን ሁሉ የሚመለከት ነው። እኛ ግን በአንዲት ትንሽ ዛፍ ልንመረምረው መርጠናል፤ ሰፊው ነገር በትንሽ መስተዋት ሲታይ አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ይጠራልና።

ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉት ጥበብ መሠረቱ ከቻይና የመጣ ነው፤ የቃሉም ትርጉም በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቦንሳይ በተፈጥሮው ድንክ የሆነ የዛፍ ዘር አይደለም። በሜዳ ቢተከል ከቤት ጣራ በላይ ሊያድግ የሚችለው ዛፍ፣ ጥልቀት በሌለው ሸክላ ተተክሎ፣ ቅርንጫፉና ሥሩ በየጊዜው እየተከረከመ፣ በጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ እስኪችል ድረስ ትንሽ ሆኖ ብዙ ዘመን ይኖራል። ከእነዚህም መካከል ስለ አበባው የሚወደደው አንዱ ኡሜ የሚባለው የጃፓን ፕሪም ነው። ይህ ዛፍ የብርዱ ወራት ፈጽሞ ሳያልፍ፣ ቅጠልም ሳያወጣ፣ የደረቀ በሚመስለው እንጨቱ ላይ ነጭ ወይም ቀይ አበባ ያፈነዳል። አበባው የተዘጋጀው ግን ያን ጊዜ አይደለም፤ ባለፈው የሙቀት ወራት የተቋጠረው እንቡጥ ብርዱን ሁሉ ተኝቶ አሳልፎ ነው የሚነቃው።

እኛ ክረምት ስንል ዝናቡና ጭቃው ትዝ ይለናል። በጃፓን ግን ክረምት የሚባለው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ወራት ሲሆን፣ በብዙ ስፍራ በረዶ ይወርዳል፤ ውሃም ይረጋል። በዚህ ወራት ልምድ የሌለው ሰው ዛፏን አይቶ ያዝንላትና እሳት ወዳለበት ክፍል ያስገባታል። እርሷም የሙቀቱ ወራት የደረሰ መስሏት ያለ ጊዜዋ ታቆጠቁጣለች። የክፍሉ አየር ደረቅ፣ ብርሃኑም ጥቂት ስለ ሆነ የሚወጣው ቀንበጥ ቀጭንና የገረጣ ይሆናል፤ ለአበባና ለቅጠል የተጠራቀመው ስንቅም ያለ ፍሬ ያልቃል። ብርዱ ለዛፉ የጊዜ መቁጠሪያው ነውና፣ የሚበቃውን ያህል ብርድ ያልቆጠረ እንቡጥ በደንብ ሳይፈታ ይቀራል። በአገራችንም በጋሞ ደጋ በጨንቻ ፖም የሚያፈራው ገበሬው ስለ ደከመበት ብቻ ሳይሆን የደጋው ብርድም ስላገዘው ነው። ያው ችግኝ ወደ ቆላ ቢወርድ ቅጠሉን ያለብስ ይሆናል እንጂ ፍሬው አያስተማምንም። እንግዲህ ዛፏን ከብርዱ ያወጣት ሰው፣ ያዳናት እየመሰለው ዕረፍቷን ቀማት።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሞ «መከራ ይጠቅማል» ብሎ የሚደመድም ሰው የነገሩን ግማሽ ብቻ ሰምቷል። በሜዳ የቆመ ዛፍ ሥሩ በጥልቅ አፈር የተሸፈነ ስለ ሆነ የላዩ ውርጭ በቶሎ አይደርስበትም። በሸክላ የተተከለው ግን በታችም በጎንም ብርድ ይከበዋል። ሥር ደግሞ እንደ ቅርንጫፍ ብርድን አይችልም፤ አፈሩ ጨርሶ የረጋ እንደ ሆነ ውሃ ሊስብ አይችልም፤ ነፋሱ ግን ከቅርንጫፉ ላይ እርጥበትን መውሰዱን አይተውም። ስለዚህ ዐዋቂው አትክልተኛ ዛፉን እሳት ወዳለበት ቤት አያስገባም፤ በነፋስና በውርጭ ፊትም አይጥለውም። ብርድ እንጂ ክፉ ውርጭ በማይደርስበት ዳስ ወይም ከግድግዳ ጥግ ያስጠጋዋል፤ ሸክላውን በአፈር ወይም በገለባ ያለብሰዋል፤ ዛፉ ተኝቷል ብሎም ውሃውን ፈጽሞ አይረሳውም፣ በመጠኑ ያጠጣዋል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሚያጸና ብርድ አለ፣ የሚገድል ውርጭም አለ። የጠባቂ ሥራው ሁለቱን መለየት ነው። ልጁን ከድካም ሁሉ የሚከልል አባት የመጀመሪያውን ወሰደበት፤ ተማሪውን እያዋረደ «ያጠነክረዋል» የሚል መምህር ለሁለተኛው አሳልፎ ሰጠው። ሁለቱም ፍቅርን ወይም ሥርዓትን ምክንያት ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ግን ሥሩን አላዩም። በተለይም የኋለኛው ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነው፤ የራሱን ጭካኔ የትምህርት ልብስ አልብሶ የሚያቀርብ ሰው ከቅን ሰው ጋር በቃል ይመሳሰላልና። መለያው አንድ ነው። ብርዱን ለበጎ የተወው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ገለባው ነፋስ እንዳልገፈፈው ያያል፤ ጨካኙ ግን ተኝቶ ያድራል።

ሁለተኛው ፈተና ሸክላን የመለወጥ ጊዜ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሥሩ ሸክላውን ይሞላና በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ አፈሩም ይደቅቅና ውሃና አየር አላሳልፍ ይላል። ያን ጊዜ ዛፉን አውጥቶ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ሲሶ የሚደርሰውን ሥር ከርክሞ፣ በአዲስ አፈር መትከል የግድ ይሆናል። ይህ ያለ ጥርጥር ማቁሰል ነው። ነገር ግን ካልቆሰለ ታፍኖ ይሞታልና ጥያቄው ይቁሰል ወይስ አይቁሰል ሳይሆን መቼ ይቁሰል የሚለው ነው። በብርዱ መግቢያ የተከረከመ ሥር ሳይድን ወራት በውርጭ ይቆያል። ቅጠሉ ከለበሰ በኋላ የተከረከመ እንደ ሆነ ደግሞ ቅጠሉ የሚጠይቀውን ውሃ ሥሩ ማቅረብ ያቅተዋል። ለኡሜ የተመረጠው ጊዜ አበባው ረግፎ የቅጠሉ ቡቃያ ሊፈታ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ሥር የሚያበቅለው ኃይል በዛፉ ውስጥ መነሣት ይጀምራልና። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከብርቱ ፀሐይና ከነፋስ ይጠበቃል፤ ማዳበሪያም ቶሎ አይሰጠውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የቆሰለን ሥር ለማበርታት ብሎ ማዳበሪያ መጫን ማቃጠል ይሆናል።

ይህም ቢሆን ለሁሉ አንድ ቀን አልተቆረጠም። ሳትሱኪ የሚባለው አዛሊያ የሚያብበው በግንቦትና በሰኔ ስለ ሆነ ብዙ አትክልተኞች ሸክላውን የሚለውጡለት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ደንቡ ከግድግዳ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሳይሆን በዛፉ እንቡጥ ላይ ተጽፏል። ተግሣጽም እንዲሁ ነው። እውነተኛ ቃል ሰሚው ሊሸከመው በማይችልበት ሰዓት ከተነገረ ያቆስላል እንጂ አያርምም። ስንጥ የሚሰጠው የመዳኛው ኃይል ሊመጣ በተቃረበበት ዋዜማ ነው።

ምናልባት አንባቢ «ዛፍን በሸክላ ማሰሩ ራሱ በደል አይደለምን?» ይለን ይሆናል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሜዳው ዛፍ ውሃውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ የሸክላው ግን የምንሰጠውን ብቻ ነው የሚጠጣው። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ዕዳ ነው፤ የሌላውን ወሰን ያጠበበ ሰው ያጠበበውን ያህል ተጠያቂ ይሆናል። ማሳሩ ያማኪ የተባሉት የቦንሳይ ዐዋቂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ለአሜሪካ የሰጡት የጥድ ቦንሳይ ከ1625 ጀምሮ በእንክብካቤ የኖረ ሲሆን፣ በ1945 አቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ሲጣል ከስፍራው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተርፏል። ታሪኩም በዋሽንግተን የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው። ይህን ያህል ዘመን ያ ዛፍ የኖረው በየትውልዱ ውሃውን ያልረሳ ሰው ስላልጠፋ ነው። ደግሞም ሰውን ከዛፍ የሚለየውን አንዘንጋ፤ ዛፍ መናገር ስለማይችል ጠባቂው ይገምትለታል፤ ልጅ፣ ተማሪና ባለ ጉዳይ ግን አንደበት አላቸው። አንደበት ያለውን ሳይጠይቁ መገመት እንክብካቤ አይባልም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው? ኖ የሚባለው ጥንታዊው የጃፓን ቴአትር «የሸክላ ዛፎች» በተባለው ድርሰት ይህን ይነካል። ርስቱን የተቀማ አንድ ድኻ ወታደር በበረዶ ሌሊት የመሸበት መነኩሴ ይመጣበታል። እኛ የእግዜር እንግዳ እንደምንለው መሆኑ ነው። የሚያነደው እንጨት ስላልነበረው፣ በድኽነቱ ሁሉ ያልተለያቸውን ሦስት ዛፎች፣ ፕሪሙን፣ ቼሪውንና ጥዱን፣ ቆርጦ እንግዳውን ያሞቃል። መነኩሴው በስውር የሚዞር የአገር ገዥ ነበርና በኋላ ይክሰዋል። እኛን ግን የሚያስደንቀን ካሳው ሳይሆን እሳቱ ነው። ያ ሰው ዛፎቹን ያነደደው ስለ ናቃቸው አይደለም፤ ዋጋቸውን ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ለዛፉ ብርድ ሕይወት፣ ለመንገደኛው ግን ሞት መሆኑን ስለ ለየ ነው።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ምቾትን ስጡ ወይም ንፈጉ የሚል አይደለም። ልብ ማዘንን ያስተምረናል፤ መቼና ምን ያህል የሚለውን ግን የሚያስተምረን በፊታችን ያለው ፍጡር ነው። ርኅራኄ ዐይን ከሌላት የምትወደውን በእሳት ዳር ታደርቃለች፤ ዐዋቂነትም ልብ ከሌላት በውርጭ ትገድላለች። አደራ የተቀበለ ሰው ሁለቱን ይዞ እንቡጡን ይጠብቅ።