ቤት ሰጥቶ ቤት አልባ ማድረግ

ከአንጀት ወይም ከደም ሥር ሽፋን የተወሰደ አንድ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ተቀመጠ እንበል። ስኳር አለው። ኦክስጅን አለው። ሙቀቱ ልክ እንደ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጨብጠው የለውም። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ማንም አልገደለውም፤ በውስጡ ያለውን የመሞቻ ትእዛዝ ራሱ ነው የሚያስነሳው። ስቲቨን ፍሪሽ እና ሀንተር ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለዚህ ሞት ከግሪክኛ «አኖይኪስ» የሚል ስም አወጡለት። ቤት አልባነት ማለት ነው።

ይህን ቃል ካወቅሁ ወዲህ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ በወጣሁ በወረድሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ትምህርት ቤት የሳልነው ሴል ክብ ነበር፤ መሐሉ ላይ ኒውክለስ፣ ዙሪያው ነጭ ወረቀት። ያ ነጭ ወረቀት ግን ባዶ አይደለም። በሴሎች መካከል፣ ሴሎቹ ራሳቸው ፈትለው የዘረጉት መረብ አለ። ከመረቡ ክሮች አንዱ የሆነው ኮላጅን ብቻውን ከሰውነታችን ፕሮቲን 30 በመቶ ገደማ ይሆናል። ኢንቴግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ደግሞ የሴሉን ሽፋን አልፈው በአንድ ጫፋቸው ውጭ ያለውን መረብ ይጨብጣሉ፣ በሌላው ከሴሉ የውስጥ አጽም ጋር ይያያዛሉ። ጭብጡ እስካለ ድረስ ወደ ውስጥ መልእክት ይገባል፦ ቦታህ ላይ ነህ፣ ቀጥል። ሲላቀቅ መልእክቱ ይቋረጣል። (የደም ሴሎች እዚህ ውስጥ የሉበትም፤ መንሳፈፍ ሥራቸው ነው።)

ጀሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ከመባሉ በፊት እዚህ የገበሬ ማሳ ነበር። የኮንዶሚኒየም ግንባታው ተጀምሮ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ በመጀመሪያ የተነቀሉት እነዚያ ገበሬዎች ናቸው፤ ስለነሱ ብዙ ጊዜ አናወራም። ቀጥሎ ዕጣ የደረሳቸውና መሀል ከተማ ሰፈራቸው የፈረሰባቸው ገቡ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰው የተወሰደው ወደ ሌላ ሌላ ዳርቻ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ከእኔ በታች ያሉት እናት ከአራት ኪሎ ነው የመጡት። ዕድራቸው አሁንም የድሮው ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ ስንት ዓመቱ፣ አባላቱ ግን ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከየተበተኑበት ይሰባሰባሉ። እሳቸውም ሁለት ታክሲ ይዘው ሄደው ይከፍላሉ። «እማማ፣ እዚሁ ብሎካችን ዕድር አለ እኮ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የዚህኞቹ ስሜን መዝግበው ይሆናል እንጂ እኔን መቼ ያውቁኛል» አሉኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ለእኚህ ሴት ከበፊቱ የተሻለ ቤት ከተሰጣቸው ዕዳው ተከፍሏል? ካሳ የሚቆጠረውን ይቆጥራል፤ ክፍሉን፣ ካሬ ሜትሩን፣ ቆርቆሮውን። ባለ ሱቁ በደብተር የሚይዝላቸውን ዱቤ፣ «ና እስቲ ተላከኝ» የሚባለውን የጎረቤት ልጅ፣ አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ቢያረፍድ የሚያንኳኳውን ሰው በምን አምድ ያስገባዋል?

«የናፍቆት ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። የድሮው ቤት ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፣ በደስታ የወጣም ብዙ ነው። መረቡ ራሱም ያሳምማል፤ ጉበት ውስጥ ኮላጅን ከመጠን በላይ ሲከማች ጉበቱ ይደነድናል፣ ሥራውንም ይተዋል። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ከማን ጋር ገባ እያለ የሚቆጥር ጎረቤት ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ያውቀዋል።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ። ሰውነት ውስጥ ከቦታው ተነቅሎ አልሞትም የሚል ሴል አደገኛ ነው፤ ካንሰር ወደ ሌላ አካል የሚዛመተው ከአኖይኪስ ባመለጡ ሴሎች ነው። ይህን ወደ ሰው ካዞርነው ተነቅሎም የኖረውን ሁሉ በሽታ ልንለው ነው። ሰውን በበሽታ ስም መጥራት የት እንደሚያደርስ ደግሞ እኛ ሀገር ማስረዳት አያስፈልግም። ሴል የሚኖረው ለአካሉ ነው፣ ሰው ግን ለከተማ ውበት ተብሎ አልተፈጠረም። ስለዚህ ከባዮሎጂው ሕግ አልወስድም፤ የምወስደው ጥርጣሬ ነው። «ጣሪያ አለው፣ ውሃ አለው፣ ታዲያ ምን ጎደለው?» ሲባል ስሰማ ያ የተንሳፈፈ ሴል ፊቴ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ሴሎችን የሚያጣብቁ ጥቃቅን ነጥቦች ላይ አስቀመጧቸው። የሚነኩት ጠቅላላ ስፋት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቦታ ተጨማድደው የተቀመጡት ሲሞቱ በብዙ ነጥቦች ላይ የተዘረጉት ኖሩ። አንድ ትልቅ ነገር መያዝ ለሴል በቂ አልነበረም። የቤት ካርታ ለሰው በቂ ነው ብለን ግን እናምናለን።

መረቡ እንደገና አይፈተልም ማለቴ አይደለም። ቁስል ይጠግጋል፤ ኮላጅን እየተጨመረ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው ግን የድሮውን ቆዳ ጥንካሬ ከ80 በመቶ በላይ እምብዛም አያገኝም። ያም ቢሆን በነጻ አይመጣም፣ የሚሠራው ሴል አለ። እኛ ብሎክ ውስጥ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ቡና ጠርተው፣ ለቅሶ ቤት አድረው፣ ያረሰችውን ጠይቀው። ዓመታት ይፈጃል። ሰፈር ያፈረሰ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ እነሱ ላይ ጥሎ ሄዷል፤ የሒሳቡ ወረቀት ላይ ግን የለም። ለእኔ ዕዳው እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ቤቱ ቢያምርም ባያምርም።

ከተማው ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። የብሎካችን ዕድር ተከራይ አይቀበልም፣ እኔም ተከራይ ነኝ። ምክንያታቸው የማይረባ አይደለም፤ ተከራይ ዛሬ ገብቶ ነገ ይለቃል፣ መዋጮውም ይንጠለጠላል። የሚለቀው ኪራይ ተጨምሮበት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለሊቀመንበሩ ማመልከቻ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ «ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርበዋለሁ» አሉኝ። እስከዚያው ድንኳን በተተከለ ቁጥር ወንበርና አግዳሚ ተሸክሜ እወርዳለሁ፤ ለዚያ አባል ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።