የፈውስን ግብ የሚወስነው ማን ነው?

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው የሚመክረው ስለ ግብ ሳይሆን ወደ ግቡ ስለሚያደርሱ መንገዶች ነው ካለ በኋላ፣ ለአሳቡ ማስረጃ አድርጎ ካቀረባቸው ባለሙያዎች ቀዳሚው ሐኪም ነው። ሐኪም መፈወስ ይገባው እንደሆነ አያወጣም፣ አያወርድም፤ ፈውስ አስቀድሞ የተሰጠው ግብ ነውና የሚመክረው በምን መድኃኒትና በምን ቅደም ተከተል እንደሚያክም ብቻ ነው። ይህ አሳብ ለተሰበረ አጥንትም ሆነ ለወባ ብዙ አያስቸግርም። የምግብ መፍጫ አካላትን በሚያጠቁ ካንሰሮች ፊት፣ ማለትም በምግብ ቱቦ፣ በጨጓራ፣ በቆሽት፣ በጉበትና በደንዳኔ ላይ በሚነሡት ዘንድ ግን ጸንቶ መቆም ይሳነዋል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ሕመሞች ሕክምና ውስጥ እጅግ ከባዱ ጥያቄ፣ ለዚህ ለተወሰነ ሰው ፈውስ ማለት ምን እንደሆነ መለየቱ ነው።

ውሳኔው ላይ ላዩን ሲታይ የልኬት ሥራ ይመስላል። በኢንዶስኮፒ የተወሰደው ናሙና በፓቶሎጂ ባለሙያ ይመረመራል፣ የሕመሙ ስፋት በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ ይታያል፣ ከዚያም ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፒየር ደኑዋ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መሠረቱን በጣለው ቲ ኤን ኤም በተባለ ሥርዓት ደረጃ ይወጣለታል፤ የመጀመሪያው ፊደል እጢው ምን ያህል ሰርስሮ እንደገባ፣ ሁለተኛው ወደ አቅራቢያው የሊምፍ ዕጢዎች መድረስ አለመድረሱን፣ ሦስተኛው ወደ ሩቅ አካላት መሰራጨት አለመሰራጨቱን ያመለክታል። የታካሚው አቅምም ራሱን ችሎ ከመንቀሳቀስ አንሥቶ አልጋ ላይ እስከ መዋል ባለው መለኪያ በቁጥር ይገለጻል። ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰር መድኃኒት ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ የራዲዮሎጂና የፓቶሎጂ ባለሙያዎቹ በአንድነት ተቀምጠው በመዝገቡ ላይ ይመክራሉ። ይህ ጉባኤ አንድ ሐኪም ብቻውን ከሚሳሳተው ስሕተት ታካሚውን የሚጠብቅ ትልቅ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ሰውየው ከሕይወቱ ምን ማጣት እንደማይሻ የሚናገር መስመር በመዝገቡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

የጎደለው ነገር ክብደት ከአንድ ጥናት ላይ በግልጽ ይታያል። የደንዳኔ ካንሰር ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ደርሶ ወደ ሌላ አካል ሳይሰራጭ ሲገኝ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል፤ ሕክምናውም እጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ለዓይን የማይታዩ ቅሪት ሕዋሳትን ለማጥፋት ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን መድኃኒት የሚጨምር ኬሞቴራፒ ለ6 ወራት መስጠት ሆኖ ቆይቷል። ይህ መድኃኒት ግን የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ እጅ በመርፌ እንደተወጋ ይሰማዋል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል፣ ድንዛዜውም በአንዳንዶች ላይ ሕክምናው ካለቀ ከዓመታት በኋላ እንኳ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነውና 12,834 ታካሚዎችን ያቀፉ ስድስት ጥናቶችን ያጣመረው አይዲያ የተባለው ትብብር፣ የ3 ወር ሕክምና ከ6 ወሩ ያንስ እንደሆነ መረመረ። ከ3 ዓመት በኋላ ሕመሙ ሳይመለስባቸው በሕይወት የተገኙት አጭሩን ሕክምና ከወሰዱት 74.6 በመቶ፣ ረጅሙን ከወሰዱት 75.5 በመቶ ነበሩ፤ መካከለኛና ከዚያ የከፋ የነርቭ ጉዳት ግን ረጅሙን ከወሰዱት ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ሲታይ፣ አጭሩን ከወሰዱት ከ6 ወይም ከ7 ሰዎች በአንዱ ላይ ብቻ ታየ። ተመራማሪዎቹ አጭሩ ሕክምና የሕመሙን የመመለስ ወይም የሞትን አደጋ በአንጻራዊ ስሌት ከ12 በመቶ በላይ እንደማይጨምር ከተረጋገጠ «አያንስም» ለማለት አስቀድመው ወስነው ነበር፤ የስሌቱ የእርግጠኝነት ክልል ጫፍ 15 በመቶ ላይ ስለ ደረሰ፣ ይህን ለሁሉም ታካሚ በጅምላ ማለት አልተቻለም።

ታዲያ ያ 12 በመቶ ከየት መጣ? በየትኛውም ማይክሮስኮፕ ሥር አልተገኘም። የሰው ልጅ የጣቶቹን ስሜት ለማዳን ምን ያህል የመዳን ዕድል አሳልፎ ቢሰጥ ተገቢ እንደሆነ የሚገምት ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ከሳይንሱ ውጭ የተቀመጠ ጭማሪ ሳይሆን፣ ውጤቱ «ያንሳል» ወይም «አያንስም» የሚባልበት መሠረት ሆኖ በሳይንሱ ልብ ውስጥ የተተከለ ነው። የድሩን ክር በጣቱ እየለየ የሚኖር ሸማኔ የደነዘዘ እጅ ይዞ መዳንን እንደ ግማሽ መዳን ሊያየው ይችላል፤ ገና ጡት የምታጠባ እናት ደግሞ ለአንዲት በመቶ ስትል ማንኛውንም ድንዛዜ ትቀበል ይሆናል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አንድ ወሰን ለሁለቱ ሊያገለግል አለመቻሉ ግን ግልጽ ነው።

በደንዳኔ መጨረሻ፣ ሬክተም በሚባለው ክፍል ላይ በሚነሣው ካንሰር ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። እጢው ወደ ታች ዝቅ ያለ ሲሆን ቀዶ ሕክምናው ሰገራን የሚገታውን ጡንቻ ጭምር ሊያስወግድ ስለሚችል፣ ታካሚው ቀሪ ዕድሜውን በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ሰገራው ወደ ከረጢት እየወረደ ይኖራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሚሰጠው ጨረርና ኬሞቴራፒ ግን በአንዳንዶች ላይ እጢው ጨርሶ ይጠፋል፤ የሐኪሙ ጣት ልስልስ ግድግዳ ብቻ ይዳስሳል፣ በኢንዶስኮፒም ነጣ ያለ ጠባሳ ይታያል። ብራዚላዊቷ ቀዶ ሐኪም አንጀሊታ ሀብር-ጋማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ጥናት ከ265 ታካሚዎች መካከል እጢው የጠፋላቸውን 71 ሰዎች ሳይቀደዱ በቅርብ ክትትል እንዳቆየቻቸው ስትገልጽ፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቿ በጥርጣሬ ተመለከቱት። እ.ኤ.አ. በ2018 የ880 ታካሚዎችን መረጃ ያሰባሰበ ዓለም አቀፍ መዝገብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራቱ በአንዱ ገደማ እጢው ዳግመኛ እንደሚበቅል አሳየ። እንግዲህ ምርጫው በእርግጠኛ ጉድለትና በየሦስት ወሩ ገደማ እየተመረመሩ ከስጋት ጋር በመኖር መካከል ነው። ቆርጦ ማውጣትን ሲማር ላደገ ቀዶ ሐኪም ፈውስ የእጢው ጥርጣሬ የሌለበት መወገድ ነው፤ ለታካሚው ግን ሳይሳቀቅ ከሰው ጋር ቆሞ መጸለይ ሊሆን ይችላል።

በፍርሃት የተያዘ ሰው ግቡን ሊወስን አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ከፊል እውነት አለው፤ የሰው ፍላጎት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነገር ስላልሆነ የሚቀረጸው በንግግር መካከል ነው። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ «የወደድከውን አንሣ» የሚል ሐኪም ታካሚውን አከበረ ሳይሆን ጥሎት ሄደ ማለት ይቀላል። ነገር ግን የሐኪሙ እውቀት የሚደርሰው እስከ ዕድሉ መጠን ነው፤ ያ ዕድል ለሰውየው ምን ዋጋ እንዳለው አይነግረውም።

አርስቶትል የለያቸው ግብና መንገድ በሌላ አቅጣጫም ይያያዛሉ፤ በእጅ ያለው መንገድ የትኛው ግብ ሊታሰብ እንደሚችል ይወስናልና። ኤምአርአይና ኢንዶስኮፒ በቅርብ በሌለበት አገር ክትትልን መምረጥ ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። የምግብ ቱቦ ካንሰር በብዛት በሚታይባቸው በአርሲና በባሌ ብዙ ታካሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ፈሳሽ እንኳ መዋጥ ሲያቅታቸው ነው፤ በዚያን ጊዜ በኢንዶስኮፒ የሚገባው ስቴንት የተባለ የብረት መረብ ቱቦ እጢውን ሳያጠፋ የምግብ ቱቦውን ከፍቶ አጥሚት ያሳልፋል። ይህን «ምንም ማድረግ አልተቻለም» ከሚለው ጋር መቀላቀል ስሕተት ነው፤ ከቤተሰብ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ መቻል ሙሉ ክብር ያለው የሕክምና ግብ ነው።

በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ የካንሰር ነገር በመጀመሪያ የሚሰማው ልጅ ወይም ወንድም ነው፤ «ዶክተር፣ ለአባባ እንዳይነግሯቸው፤ ተስፋ ይቆርጣሉ» የሚለው ልመናም ከፍቅር የመነጨ ነው። ይኸው ኅብረተሰብ መርዶን በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ የሚያረዳበት ልማድ ግን ከባድ ነገር ጊዜውና አቀራረቡ ተመርጦ እንደሚነገር እንጂ እንደሚሸሸግ አያሳይም። ሐኪሙ ምርመራው ገና ሳይጀመር «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ውጤቱ ሲነገርስ ማን አብሮዎት ይሁን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባት «ለልጄ ንገሯት፤ እሷ ትወስን» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ልጃቸው ስለ እርሳቸው የምትወስነው በእርሳቸው ውክልና ነው፤ እርሳቸው ሳይጠየቁ ብትወስን ግን፣ ሕክምናው ያው አንድ ዓይነት እንኳ ቢሆን፣ ግቡ የእርሳቸው አይሆንም።